የመሐንዲሱ መሣሪያ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የነገሥታትን ዙፋንና የጦርነትን ድል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ መዶሻም ታሪክ አለው፤ ማረሻም ታሪክ አለው። በዘመናችን ያለ መሐንዲስ ድልድይ ከመሥራቱ ወይም አውሮፕላን ከማስነሣቱ በፊት አሳቡን የሚፈትንበት የኮምፒውተር ፕሮግራምም እንደዚሁ የራሱ ታሪክ አለው። በትምህርት ቤታችን የኢዮቤልዩ መጽሔት ላይ እንድንጽፍ ዕድል የተሰጠን እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች ይህን ታሪክ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ምክንያቱን አስቀድመን እንናገራለን።

ባለፈው ዓመት የሳይንስ ክበባችን አባሎች በትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ለሚሠራው ዳስ የጣራውን ፕላን እንድናወጣ ታዘዝን። እኛም ለ30 ቀን በነጻ የሚሠራ አንድ የንድፍ ፕሮግራም ከኢንተርኔት አውርደን ሌት ተቀን ደከምንበት። በ31ኛው ቀን ጠዋት ኮምፒውተሩን ስንከፍት ፕሮግራሙ «ገንዘብ ክፈሉ» የሚል ጽሑፍ ብቻ አሳየን። የተጠየቀው ዋጋ የክበባችን የዓመት መዋጮ ሁሉ ቢጠራቀም የማይደርስበት ነበር። ፕላናችን እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ልናየው አልቻልንም፤ የተጻፈበት ፋይል በሌላ ፕሮግራም አይከፈትምና።

በዚህ መካከል አንዱ ጓደኛችን ክራክ የተደረገ ኮፒ በፍላሽ ይዞ ከከተማ መጣ። ግማሾቻችን «እሰየው!» አልን፤ ግማሾቻችን ደግሞ «ይህ ስርቆት አይደለምን?» ብለን ተከራከርን። የቴክኒክ ንድፍ መምህራችን ክርክሩን ቆመው ካዳመጡ በኋላ፣ «ልጆች፣ በተሰረቀ መሰላል ጣራ ላይ መውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን ባለመሰላሉ በመጣ ጊዜ መውረጃ ታጣላችሁ» አሉን። ፍላሹን መለስን፤ ፕላኑንም በእርሳስና በማስመሪያ በሦስት ሌሊት እንደገና ነደፍነው። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ጥያቄ ከአእምሯችን አልጠፋም። ለመሆኑ እንዲህ ያለው መሣሪያ ከመጀመሪያው የማን ነበር? ቁልፉስ እንዴት በሌላ እጅ ገባ?

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ሁለት ቃላትን እንፍታ። ፕሮግራም በመጀመሪያ ሰው ሊያነበው በሚችል ጽሑፍ ይጻፋል፤ ይህም ምንጭ ኮድ ይባላል። ከዚያም ጽሑፉ ኮምፒውተሩ ብቻ ወደሚረዳው ቁጥር ይለወጣል። ብዙዎቹ ሶፍትዌር የሚሸጡ ኩባንያዎች የሚሰጡት ይህን ሁለተኛውን ብቻ ነው፤ ወጡን ይሰጡናል እንጂ አሠራሩን አያሳዩንም። ክፍት ምንጭ የሚባለው ሶፍትዌር ግን ወጡንም አሠራሩንም አንድ ላይ ይሰጣል፤ የተቀበለውም ሰው እንዲያነበው፣ እንዲያሻሽለውና ለሌላው እንዲያካፍለው ይፈቅድለታል። እንግዲህ «ክፍት» ማለት ዋጋ የለውም ማለት ብቻ እንዳልሆነ ልብ ይሏል። ደግሞም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

በመጀመሪያው ዘመን ይህ ልዩነት እምብዛም አልነበረም። በ1950ዎቹ ዓመታት ኮምፒውተር አንድ ክፍል የሚሞላ እጅግ ውድ መኪና ስለ ነበረ፣ ፕሮግራሙ ከመኪናው ጋር አብሮ የሚመጣ እንደ ምርቃት ያለ ነገር ነበር። በ1955 የአይቢኤም ኮምፒውተር ተጠቃሚዎች «ሼር» የተባለ ማኅበር አቋቁመው የጻፏቸውን ፕሮግራሞች እርስ በርሳቸው ይለዋወጡ ጀመር። የማኅበሩም ስም በእንግሊዝኛ «መካፈል» ማለት ነው። ከመሥራቾቹ መካከል የአውሮፕላን ፋብሪካ ሰዎች ነበሩበት፤ በገበያ እየተፎካከሩም እንኳ አንዱ የሠራውን የሂሳብ ፕሮግራም ሌላው እንደገና መሥራቱ ከንቱ ድካም መሆኑን ተረድተው ነበር። በ1969 ግን አይቢኤም የፕሮግራምንና የመኪናን ዋጋ መለያየት እንደሚጀምር አስታወቀ። ከዚህ በኋላ ፕሮግራም ራሱን የቻለ ሸቀጥ ሆነ፤ የሶፍትዌር ንግድም በሰፊው ተከፈተ።

መሐንዲሶች የሚሠሩባቸውን ሦስት ታላላቅ ፕሮግራሞች ብንመረምር የዚህን ለውጥ ውጤት በግልጽ እናያለን።

የመጀመሪያው ናስትራን ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ ልዩ ልዩ ማእከሎቹ የሮኬትንና የአውሮፕላንን አካል ጥንካሬ ለማስላት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ፕሮግራም መጻፋቸውን ተመልክቶ ለሁሉም የሚያገለግል አንድ ፕሮግራም እንዲሠራ ወሰነ። የአሠራሩም ብልሃት ይህ ነው፤ አንድን ክንፍ በአሳብ ወደ ብዙ ትናንሽ ቁራሾች ይከፋፍሉታል፤ የእያንዳንዱን ቁራሽ መሳብና መታጠፍ በእኩልታ ይጽፉታል፤ ከዚያም ኮምፒውተሩ በሺህ የሚቆጠሩትን እኩልታዎች በአንድነት ይፈታቸዋል። በእጅ ቢሠራ ዕድሜ የማይበቃውን ሂሳብ መኪናው ይጨርሰዋል ማለት ነው። ፕሮግራሙ በ1968 ለናሳ ተሰጠ፤ በ1970 ገደማም በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ በነበረው ኮስሚክ በተባለው የማሠራጫ ቢሮ በኩል ለሕዝብ ተለቀቀ።

ናስትራንን ከሠሩት ድርጅቶች አንዱ ሪቻርድ ማክኒልና ሮበርት ሽዌንድለር በ1963 ያቋቋሙት ኩባንያ ነበረ። ይህ ኩባንያ በ1971 የራሱን የናስትራን ዓይነት አውጥቶ ለገበያ አቀረበ። እውነቱን ለመናገር ኩባንያው ዝም ብሎ የሕዝብን ዕቃ ወስዶ የሸጠ አይደለም፤ ፕሮግራሙን ያለማቋረጥ አሻሻለው፣ ስሕተቱን አረመ፣ ለተጠቃሚዎቹም ማስተማሪያ አዘጋጀ። ሌሎች ሁለት ትናንሽ ኩባንያዎችም ከዚሁ ከሕዝቡ ናስትራን ተነሥተው የየራሳቸውን ሠርተው ይፎካከሩት ነበር። በ1999 ግን ትልቁ ኩባንያ ሁለቱን ገዝቶ ጠቀለላቸው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ይህ ግዢ ውድድርን ያጠፋል ሲል በ2001 ክስ አቀረበ፤ በ2002 በተደረሰው ስምምነትም ኩባንያው የፕሮግራሙን ቅጂ ከነምንጭ ኮዱ ለሌላ ተወዳዳሪ እንዲሰጥ ተገደደ። ልብ በሉ፤ ውድድሩን ለመመለስ ዳኝነቱ ያገኘው መድኃኒት ምንጩን ማካፈል ነበር! ናሳም በኋላ ናስትራን 95 የተባለውን ዓይነት ምንጩን ከፍቶ በኢንተርኔት ላይ ለዓለም ሁሉ ለቀቀው።

ሁለተኛው ስፓይስ ይባላል፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ ቅመም ማለት ነው። እኛ ተማሪዎች ይህን ታሪክ ከሁሉ አብልጠን እንወደዋለን፤ ምክንያቱም መነሻው የክፍል ሥራ ነው። በ1970 ገደማ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ ሮናልድ ሮረር የተባሉ መምህር ተማሪዎቻቸውን የኤሌክትሪክ ዑደት የሚፈትን ፕሮግራም እንዲጽፉ አዘዟቸው። ዳኛው ሌላው ፕሮፌሰር ዶናልድ ፒደርሰን ነበሩ፤ እርሳቸው ሥራውን ከተቀበሉት ተማሪዎቹ ያልፋሉ፣ ካልተቀበሉት ይወድቃሉ ተባለ። በዚያን ጊዜ አያሌ የኤሌክትሪክ ክፍሎችን በአንዲት ትንሽ የሲሊከን ቁራጭ ላይ መሥራት ተጀምሮ ነበር። እንዲህ ያለውን ረቂቅ ሥራ በጠረጴዛ ላይ በሽቦ አገጣጥሞ መሞከር ስለማይቻል፣ ከመሠራቱ በፊት በሂሳብ መፈተን ግዴታ ሆነ። ከዚያ ክፍል የወጣውን ፕሮግራም ሎውረንስ ኔግል የተባሉት ተማሪ በፒደርሰን መሪነት እንደገና ጽፈው ስፓይስ አሉት፤ በ1973ም በካናዳ በዋተርሉ ከተማ በተደረገ ጉባኤ ለዓለም ተገለጠ።

ፒደርሰን በአንድ ነገር ጸኑ፤ ፕሮግራሙ ማንም ሊወስደው የሚችል የሕዝብ ሀብት መሆን አለበት አሉ። ስለዚህም ከነምንጭ ኮዱ በማግኔት ክር ላይ እየተቀዳ ወደ ዩኒቨርሲቲዎችና ወደ ፋብሪካዎች ሄደ። ከበርክሌይ የተመረቁትም ተማሪዎች ወደየሥራቸው ሲሄዱ ይዘውት ሄዱ። ስሕተት ያገኘ ሁሉ ለበርክሌይ ይጽፍ ስለ ነበር ፕሮግራሙ በብዙ ሰዎች ዓይን ተመርምሮ ጠራ። በ1984 ፒስፓይስ የተባለው በግል ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ዓይነት ለሽያጭ ወጣ፤ ሌሎችም ኩባንያዎች የየራሳቸውን አወጡ። በርክሌይ መውሰድን እንጂ መመለስን ስላላስገደደ፣ ኩባንያዎቹ የጨመሩት መሻሻል አብዛኛው በኩባንያዎቹ መዝገብ ውስጥ ተቈልፎ ቀረ። የሆነ ሆኖ ምንጩ አልደረቀም። ዛሬ ኤንጂስፓይስ የተባለው ክፍት ፕሮግራም የበርክሌይ ልጅ ነው። በ1992 ፈረንሳዊው ዣን ፒዬር ሻራስ የጀመሩት ኪካድ የተባለው የኤሌክትሮኒክስ ንድፍ ፕሮግራምም ከ2018 ጀምሮ ኤንጂስፓይስን በውስጡ ይዟል። ለኪካድ መሻሻል በጄኔቫ አጠገብ የሚገኘው ታላቁ የኑክሌር ምርምር ድርጅት ሰርን ብዙ ረድቷል።

በዚህ ቦታ የመመለስን ግዴታ በሕግ ያቆሙትን ሰው ማንሣት ይገባናል። ሪቻርድ ስቶልማን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲሠሩ አንድ የማተሚያ መኪና ወረቀት እየያዘ ያስቸግራቸው ነበር። ምንጭ ኮዱን አግኝተው ሊያስተካክሉት ቢፈልጉ፣ ኮዱ ያለው ሰው ለማንም ላለመስጠት ቃል ገብቻለሁ ብሎ ከለከላቸው። ስቶልማን ይህን እንደ ትንሽ ነገር አላለፉትም፤ በ1983 ግኑ የተባለውን የነጻ ሶፍትዌር ሥራ አወጁ፤ በ1989ም ጂፒኤል የተባለውን ፈቃድ አወጡ። የፈቃዱም ፍሬ ነገር፣ ፕሮግራሙን አሻሽሎ ለሌላ የሚሰጥ ሰው ምንጩንም አብሮ ይስጥ የሚል ነው። በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የፊንላንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጀመረው ሊኑክስ በዚሁ ፈቃድ ሥር ገብቶ ዓለምን ሞላ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶቻችን ተረት የሚፈጸመው እንዲህ ባለው ሥራ ነው።

ሦስተኛው ማትላብ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ የሂሳብ ፕሮፌሰር የነበሩት ክሊቭ ሞለር ተማሪዎቻቸው ፎርትራን የተባለውን አስቸጋሪ ቋንቋ ሳይጽፉ በማትሪክስ እንዲያሰሉ ብለው ይህን ፕሮግራም ሠሩ። ከሥሩ የነበሩት የሂሳብ ክፍሎች በመንግሥት ገንዘብ የተሠሩ ነበሩ፤ ሞለርም የመጀመሪያውን ማትላብ ለፈለገው ሁሉ በነጻ ይሰጡ ነበር። በ1984 ግን ጃክ ሊትልና ስቲቭ ባንገርት ፕሮግራሙን እንደገና ጽፈው ከሞለር ጋር ማትወርክስ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ኩባንያውም አድጎ ማትላብ በየዩኒቨርሲቲው የምህንድስና ተማሪዎች የሚማሩበት መሣሪያ ሆነ።

ደግሞም በአሜሪካ አገር ሁለት የኬሚካል ምህንድስና ፕሮፌሰሮች ተማሪዎቻቸው ኬሚስትሪውን ትተው የፎርትራን ስሕተት ሲፈልጉ መዋላቸው አሳዘናቸው። ለእነርሱ መማሪያ መጽሐፍ አጋዥ እንዲሆን የታሰበውን ፕሮግራም ጆን ኢተን ከ1992 ጀምሮ ጻፉትና ኦክታቭ ተባለ። ኦክታቭ አብዛኛውን የማትላብ ቋንቋ ይረዳል፤ ፈቃዱ ግን ጂፒኤል ነው። እንግዲህ ሁለቱም ፕሮግራሞች የተወለዱት መምህር ለተማሪው ከማዘኑ የተነሣ ሲሆን፣ አንዱ ወደ ገበያ ሲሄድ ሌላው በአደባባይ ቀረ።

የዚህ ልዩነት ክብደት በ2020 ታየ። በዚያ ዓመት የአሜሪካ መንግሥት በቻይና አገር በሃርቢን ከተማ ያሉትን ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች በንግድ እገዳ መዝገብ ውስጥ አስገባቸው። በዚህም ምክንያት የዩኒቨርሲቲዎቹ ተማሪዎችና መምህራን በማትላብ መጠቀም ተከለከሉ። ኩባንያው የአገሩን ሕግ መፈጸሙ ነበርና ጥፋቱን በእርሱ ላይ አንጥልም። መንግሥታት ስለ ምን እንደ ተጣሉ መፍረድም የእኛ ድርሻ አይደለም። ነገር ግን ከፖለቲካው ውጭ ያለ፣ የምረቃ ጽሑፉን ግማሽ ድረስ የሠራ አንድ ተማሪ በዚያ ጠዋት ምን ተሰማው? እኛ በ31ኛው ቀን የተሰማንን ይመስለናል። እርሱ ገንዘብ ስላልተከፈለ አልነበረም የተከለከለው፤ ቁልፉ በሌላ አገር ስለ ነበረ ነው።

ታሪክ ጸሐፊ ግን ሚዛኑን ቀጥ አድርጎ መያዝ አለበት። የሚሸጡት ሰዎችም እውነት አላቸው። ቢል ጌትስ በ1976 ለኮምፒውተር ወዳጆች በጻፉት ግልጽ ደብዳቤ፣ ሰው ሁሉ ፕሮግራም እየገለበጠ ከወሰደ ሙያ ያለው ሰው ስለ ምን ብሎ በነጻ ይደክማል ሲሉ ጠይቀዋል፤ ጥያቄው ዛሬም አልሞተም። ኩባንያ ደመወዝ ከፍሎ ሰው ያሠራል፤ መሐንዲሱ ሲቸገር ስልክ አንሥቶ የሚያስረዳው ያገኛል፤ አሰልቺውንም የፍተሻ ሥራ የሚሠራ አይጠፋም። ክፍቱ ፕሮግራም ግን ብዙ ጊዜ በጥቂት በጎ ፈቃደኞች ትከሻ ላይ ያለ ነው። ለምሳሌ ፍሪካድ የተባለው የንድፍ ፕሮግራም በ2002 ተጀምሮ 1.0 የተባለውን ቁጥር ያገኘው በኅዳር ወር 2024 ነው፤ 22 ዓመት መሆኑ ነው። ለብዙ ጊዜም አንድ ክፍል በተለወጠ ቁጥር ሌላው ክፍል የሚበላሽበት ችግር ተጠቃሚዎቹን ሲያስመርር ኖሯል። እኛም ከዳሱ ሥራ በኋላ ፍሪካድን ስንማር በአማርኛ የተጻፈ መምሪያ ስላላገኘን ብዙ ሌሊት ተቸግረናል። ነጻ የተሰጠ ነገር ድካም የለበትም የሚል ሰው አልሞከረውም።

እንደዚሁም መንገዱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ አይደለም። በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ሄንሪ ዌለር የጀመሩት የፈሳሽና የነፋስ እንቅስቃሴ ማስሊያ ፕሮግራም በመጀመሪያ ይሸጥ ነበር፤ በ2004 ግን ምንጩ ተከፍቶ ኦፕንፎም ተባለ። ባለሙያዎቹም ፕሮግራሙን በነጻ እየሰጡ በማስተማርና በማማከር መተዳደር እንደሚቻል አሳዩ። ስለዚህ ክፍቱና የሚሸጠው ውሃና እሳት አይደሉም፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ እናት የተወለዱ ወንድማማቾች ናቸው።

ይህ ነገር ለአገራችን ሩቅ የሚመስለው ካለ የፊደላችንን ታሪክ ያስታውስ። የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር መጻፍ በተጀመረበት ዘመን ልዩ ልዩ አዘጋጆች ለፊደሎቹ የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ነበር። ስለዚህ በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ የአማርኛ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። በ1999 ዩኒኮድ 3.0 የተባለው የዓለም የፊደል ሥርዓት ለግዕዝ ፊደል የታወቀ ቦታ ሰጠው፤ ሥርዓቱም ለማንም የተገለጠ ነው። ዛሬ የምንጽፈው አማርኛ በየትኛውም አገር ባለ ኮምፒውተር ላይ የሚነበበው ስለዚህ ነው። ፊደሉን የሚጽፈው ፕሮግራም ቢሸጥም ባይሸጥም የጽሑፉ ሥርዓት የጋራ ሆነ፤ ጽሑፋችንም የእኛው ሆኖ ቀረ።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድን ነው? እኛ እንደሚመስለን ዋናው ጥያቄ «ይገዛል ወይስ በነጻ ይገኛል?» የሚል አይደለም። ዋናው ጥያቄ «ነገ ጠዋት በሩ ቢዘጋ ሥራዬን ይዤ መውጣት እችላለሁን?» የሚል ነው። መሐንዲስ ገንዘብ ካለውና መሣሪያው የሚሻል ከሆነ ይግዛ፤ ሠራተኛ ለደመወዙ ይገባዋልና። ነገር ግን ሥራውን በሌላ ፕሮግራም ሊከፈት በሚችል ፋይል ደግሞ ያስቀምጥ። ገንዘብ የሌለው ደግሞ ክፍቱን ይማር፤ ስሕተት ሲያገኝ ይጻፍ፣ መምሪያውን ወደ ቋንቋው ይተርጉም፤ ይህም የእርሱ ክፍያ ይሁን። ክራክ የተደረገው ሦስተኛው መንገድ ግን ሁለቱንም ያሳጣል፤ የገዛ ሰው የሚያገኘውን ርዳታ አይሰጥም፣ ምንጩንም አያሳይም። የሰው ወርቅ አያደምቅ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ፕሮግራሙ የሚሠራውን ሂሳብ እንወቅ። እኩልታውን የሚያውቅ ተማሪ ማትላብ ቢዘጋበት ኦክታቭን ይከፍታል፤ ኦክታቭ ቢጠፋ ወረቀት ያወጣል። በዚያን ጊዜ ፕላናችንን ያዳነው እርሳስና ማስመሪያ ነበር፤ እርሳሱን ያንቀሳቀሰው ግን በክፍል የተማርነው ጂኦሜትሪ ነው።

ዳሱ ዛሬ በትምህርት ቤታችን በር አጠገብ ቆሞ ይታያል። በዓሉን ለማክበር የሚመጡ እንግዶች ከፀሐይ ይጠለሉበታል። የጣራውን ፕላን በፍሪካድ እንደገና ሠርተን ከነፋይሉ ለሳይንስ ክበብ አስረክበናል፤ የተማርነውንም በአማርኛ በ12 ገጽ ጽፈን አብረን አስቀምጠናል። ጽሑፉ ስሕተት አያጣውም። ስለዚህ ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ ከእኛ በኋላ ስትከፍቱት ያገኛችሁትን ስሕተት አርሙ፣ የጐደለውንም ጨምሩ፤ ለሚቀጥሉትም ክፍት አድርጋችሁ ተዉላቸው።